72 ቮልት ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም

ባትሪን የሚያጋልጠው ዳገት ነው። በኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እየወጣችሁ ነው እንበል። ማሳያው 35 በመቶ ይላል። እጀታውን ትጠመዝዛላችሁ፣ ሞተሩ ትንሽ ይጎትታል፣ ከዚያ ቀጥ። መብራቱም ማሳያውም ጠፋ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ያምባርቃል። እየገፋችሁ ዳር ታስይዙታላችሁ። ቁልፉን አጥፍታችሁ ስታበሩት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አሁንም 35 በመቶ!

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። መካኒኩም ሁልጊዜ አይከራከርም፤ አዲስ ባትሪ መሸጥ መቼም የሚጠላ ሥራ አይደለም። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ባትሪው ውስጥ ስንት ሴል፣ ማለትም ስንት ትንንሽ ባትሪ፣ በተርታ አለ? ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር በስንት ቮልት እንዲያቆም ነው የተነገረው? በስንት አምፒር እንዲስብስ? እነዚህን ቁጥሮች የሚያውቅ ባለሞተር በጣም ጥቂት ነው። የጎማውን ንፋስ ግን ሁሉም ያውቃል።

ነገሩ አስቸጋሪ ስለሆነ አይደለም። የአራተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ይበቃል።

ስሙና ልኩ

60 ወይም 72 ቮልት የተጻፈባቸው ጉልበተኛ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ብስክሌቶች ባትሪያቸው አንድ ዕቃ ይመስላል። ሲከፈት ግን የብዙ ሴሎች ስብስብ ነው። የተለመደው የሊቲየም ሴል፣ ኤንኤምሲ የሚሉት፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። 3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ባዶ ይባላል። ከ2.5 በታች ከወረደ የማይድን ጉዳት ይጀምራል። ፋብሪካው ስም የሚያወጣበት የመሃል ቁጥር ደግሞ 3.6 ወይም 3.7 ነው።

20 ሴል በተርታ ሲቀጠል፣ 20 ጊዜ 3.6፣ 72 ይሆናል። 72 ቮልት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ባትሪው ራሱ 72 ላይ የሚገኘው ግን በመንገድ ሲያልፍ ብቻ ነው። ጠዋት ከቻርጀር ሲነቀል 84 ነው። ማታ ደክሞ ሲገባ 68 ሊሆን ይችላል።

ችግሩ «72 ቮልት» የተባለ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ኤልኤፍፒ የሚባለው የሊቲየም ዓይነት፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት፣ ሴሉ ሙሉ ሲሆን 3.65፣ በስሙ 3.2 ነው። 72 ለመባል 22፣ 23 ወይም 24 ይደረደራል። 22 ከሆነ ሙሉው 80.3 ቮልት ነው። 24 ከሆነ 87.6። ስድስት ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪዎችም ተደርድረው 72 ይባላሉ፤ የእነሱ ቻርጀር እስከ 88 ቮልት አካባቢ ይወጣል።

እንግዲህ ሁሉም ላይ ያው «72 ቮልት» ተጽፏል። መሰኪያቸውም ብዙ ጊዜ ይገጥማል። የሊድ አሲዱን ቻርጀር 20 ሴል ባለው ሊቲየም ላይ ብትሰኩት፣ እያንዳንዱን ሴል ወደ 4.4 ቮልት ሊገፋ ይሞክራል። የሴሉ ጣሪያ 4.2 ነው። በዚያች ሰዓት በእናንተና በእሳት መካከል የቀረችው አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ቻርጀር ከጎረቤት መዋስ የስልክ ቻርጀር እንደ መዋስ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሩ። የባትሪው ልጣፍ ላይ «20ኤስ» ወይም «16ኤስ» ዓይነት ጽሑፍ ፈልጉ፤ በተርታ ያሉት ሴሎች ብዛት ነው። ከሌለ አብሮት የመጣው ቻርጀር ላይ የሚያወጣው ቮልት ተጽፏል። ኤንኤምሲ ከሆነ ያንን ለ4.2 አካፍሉ። 84 ከሆነ 20 ነው። 67.2 ከሆነ 16። 71.4 ከሆነ 17። አያችሁ? 16ቱም 17ቱም «60 ቮልት» ተብለው ይሸጣሉ። በመካከላቸው ያለው የ4 ቮልት ልዩነት ትንሹን ባትሪ ለማቃጠል ይበቃል።

ሦስቱ ዘበኞች

ባትሪውን የሚጠብቁት ሦስት ናቸው። ቻርጀሩ ከላይ ይጠብቃል፦ ከዚህ በላይ አትሙላ። ኮንትሮለሩ ከታች ይጠብቃል፦ ከዚህ በታች አትጠጣ። ሦስተኛው ቢኤምኤስ ነው፤ ቅድም ያልናት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ባትሪው ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱን የሴል ረድፍ (20ኤስ ባትሪ 20 ረድፍ አለው) ለብቻው ይመለከታል። አንዱ ከልክ ካለፈ ማንንም ሳያስጠነቅቅ መስመሩን ይቆርጣል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰው «ቢኤምኤስ አለኝ» ብሎ ሁለቱን ይረሳቸዋል። ቢኤምኤስ ግን የመጨረሻው ዘበኛ እንጂ የየዕለት በር ከፋች አይደለም። ኮንትሮለሩ ቀድሞ፣ ቀስ አድርጎ፣ ጉልበት እየቀነሰ ማቆም አለበት። ቢኤምኤሱ ከቀደመው ዳገት መሃል ላይ ጨለማ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያየነው ይኸው ነው።

ለምን ግን 35 በመቶ እያለ? ቤት ውስጥ ምጣድ ሲበራ አምፖሉ ደብዘዝ እንደሚለው አስቡት። ብዙ ኤሌክትሪክ በአንዴ ሲሳብ ቮልት ይወርዳል። ባትሪም ውስጡ ሬዚስታንስ አለው፤ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ የሚጋፈጠው እንቅፋት በሉት። ትንሽ ያረጀ ባለ 72 ባትሪ ከነሽቦው 0.08 ኦም አለው እንበል። 100 አምፒር ሲሳብ፣ 100 ጊዜ 0.08፣ 8 ቮልት ይጠፋል። ቆሞ 72 የነበረው ዳገት ላይ 64 ሆነ ማለት ነው። ለ20 ሲካፈል በሴል 3.2። ይህ በአማካይ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ደካማ ረድፍ 2.8 ደርሶ ከሆነ ቢኤምኤሱ ሁሉንም ይቆርጣል። ሲቆረጥ ጭነቱ ይጠፋል፤ ጭነቱ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፤ ማሳያውም 35 ይላል። አልዋሸም።

የጠፋው 8 ቮልት ደግሞ የትም አልሄደም። ሙቀት ሆኗል። 8 ቮልት በ100 አምፒር ሲባዛ 800 ዋት ነው። ባትሪ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥዳችሁ እየወጣችሁ ነው። አምፒሩን በግማሽ ብትቀንሱ፣ 50 ብታደርጉት፣ ሙቀቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ በአራት እጥፍ ነው። 200 ዋት ይሆናል። የሚጠፋው ቮልትም 4 ብቻ። 50 አምፒር በ72 ሲባዛ ደግሞ 3,600 ዋት ነው፤ ሰውና ሞተር ዳገት ለማውጣት ብዙ ጉልበት ነው። ቀስ ትላላችሁ እንጂ ትደርሳላችሁ።

ስለ ዳገት ካነሳን አይቀር፦ ሰውና ሞተር አንድ ላይ 180 ኪሎ ቢሆኑ፣ በከፍታ 100 ሜትር ለመውጣት ብቻ ወደ 49 ዋት ሰዓት ይበላል። የሚባክነው ሲጨመር 65 ወይም 70 በሉት። ባለ 72 ቮልት 40 አምፒር ሰዓት ባትሪ በጠቅላላው 2,880 ዋት ሰዓት ነው። የሻጩን «80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚል ወሬ በዚህ መዝኑት። የሚለካው ሜዳ ላይ በዝግታ ነው። በተረፈ የኤሌክትሪክ ሞተር አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይበልጣል። የቤንዚኑ ሞተር በቀጭኑ አየር ይደክማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ኮንትሮለሩ ላይ ምን እንሙላ?

ማስተካከል የሚቻል ኮንትሮለር ካላችሁ፣ ብዙዎቹ በስልክ በብሉቱዝ ይከፈታሉ፣ መጀመሪያ የምትነኩት ሦስት ቁጥር ነው።

አንደኛው የመቁረጫ ቮልት። ለ20ኤስ ኤንኤምሲ እኔ ጉልበት መቀነስ 66 ላይ እንዲጀምር፣ ጨርሶ ማቆም 62 ላይ እንዲሆን ነው የምወደው። 60 ላይ የሚያደርጉ አሉ። ይሠራል፤ ግን ለደካማው ረድፍ ምንም ትራፊ አይተውም። 24ኤስ ኤልኤፍፒ ከሆነ 67 ገደማ ነው። ስድስት ሊድ አሲድ ከሆነ 63። ባትሪ ቀይረው ይህን ቁጥር ሳይቀይሩ የሚነዱ ብዙ ናቸው። የማሳያው በመቶኛም የሚሰላው ብዙ ጊዜ ከቮልት ስለሆነ፣ በአሮጌው ባትሪ የተሞላ ማሳያ በአዲሱ ላይ ተረት ነው የሚያወራው።

ሁለተኛው ከባትሪ የሚሳበው አምፒር ነው። ይህ ሞተሩ ጋ ከሚሄደው «ፌዝ» ከሚባለው አምፒር ጋር አይምታታ፤ ያኛው ብዙ ጊዜ የበለጠ ቁጥር ነው። የባትሪው ቁጥር ቢኤምኤሱ ላይ ያለማቋረጥ ይችላል ተብሎ ከተጻፈው በታች መሆን አለበት። 80 ለሚችል ቢኤምኤስ 65 ወይም 70 ብትሞሉ ዕድሜ ገዛችሁ። ወጣቶቹ 100 አስገብተው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ቪዲዮው ያምራል፤ ባትሪው ይከፍላል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ፍሬን ስትይዙ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ኤሌክትሪክ። ጥሩ ነገር ነው፣ ባትሪው ቦታ ካለው። ቤታችሁ እንጦጦ ሥር ነው እንበል፤ ሌሊቱን 84 ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል ወደ ፒያሳ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱ በሙሉ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ቦታ የለም። ቮልቱ ከጣሪያው በላይ ይወጣል፤ ቢኤምኤሱ ይቆርጣል፤ በዚያች ቅጽበት መሄጃ ያጣው ቮልት ኮንትሮለሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የፍሬኑም እገዛ በድንገት ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቤቱ አናት ላይ የሆነ ሰው ሙሉ አይሙላ። ኮንትሮለሩ ላይም የሚመለሰው ኤሌክትሪክ 83 ላይ እንዲቆም አድርጉት።

ቻርጅ፦ ጢም ማድረግ ይቅር?

ለኤንኤምሲ በአብዛኛው አዎ። የሊቲየም ሴል ሙሉ ሆኖ መቀመጥ አይወድም፤ በተለይ በሙቀት። በሴል 4.2 ሳይሆን 4.1 ላይ ብታቆሙት፣ ማለትም ከ84 ይልቅ 82 ቮልት፣ ከአስር አንድ ያህል ርቀት ታጣላችሁ። በምትኩ ባትሪው ጉልህ ተጨማሪ ዕድሜ ያገኛል። ቮልቱ የሚስተካከል ቻርጀር ለዚህ ይጠቅማል። ከሌለ ሰዓት ተመልክቶ ቀድሞ መንቀል ነው።

አንድ ችግር አለ። ብዙ ቢኤምኤሶች ረድፎቹን የሚያስተካክሉት መጨረሻ ላይ፣ ባትሪው ጢም ሊል ሲል ነው። ሁልጊዜ 82 ላይ ካቆማችሁ ማስተካከሉ አይጀመርም። ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ እስከ 84 ሙሉና መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላም አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት፤ ቤት ሆናችሁ፣ እያያችሁት። ኤልኤፍፒ ግን ጢም ማለትን ያን ያህል አይፈራም። እንዲያውም ያስፈልገዋል። ቮልቱ ከሙሉ እስከ ባዶ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ቢኤምኤሱ ስንት እንደቀረ የሚያውቀው ሙሉ ሲሆን ነው። ባለ 24 ኤልኤፍፒ 87.6 ሞልቶ ሲነቀል ወደ 81 ወይም 82 ቢወርድ አትደንግጡ፤ ተፈጥሮው ነው።

የቻርጀሩ ፍጥነትስ? ለ40 አምፒር ሰዓት ባትሪ 8 ወይም 10 አምፒር ደህና ነው። በ10 ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መጨረሻው ዘገምተኛ ነው፤ ስኒ ሲሞላ ጀበናውን ቀስ እንደምታደርጉት። 10 አምፒር በ84 ቮልት 840 ዋት ነው፤ ከግድግዳው 4 አምፒር ይጠይቃል። ይህ ለደህና ሶኬት ምንም አይደለም። ለቀጭን ዲቫይደር ግን፣ በዚያ ላይ ምጣድና ማሞቂያ ለተሰካበት፣ ብዙ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ ምንም አይደል። ካቃጠለ ንቀሉት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ስለሚችል፣ ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል ጥሩ ልማድ ነው።

ከመንገድ እንደገባችሁ ወዲያው አትሰኩ። ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ ሌሊቱን መምረጥ ይሻላችኋል፤ ሙቀት የባትሪ ዋነኛ ጠላት ነው። ብርዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቲየም ሲሞላ ሴሉ ውስጥ ሊቲየሙ ብረት ሆኖ ይጋገራል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ አያሳስብም። ውርጭ በሚወርድበት በደብረ ብርሃን ማለዳ፣ ውጭ ያደረ ባትሪ ግን መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ።

አንድ ደካማ በሬ

የባትሪ አብዛኛው በሽታ የሚጀምረው ከአንድ ረድፍ ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች የሚሄዱት በደካማው እርምጃ ነው። ጠቅላላ ቮልት ይህንን ይደብቃል። 19ኙ ረድፍ 3.6፣ አንዱ 2.8 ቢሆን ድምሩ 71.2 ነው። በቴስተር ስትለኩት «72 አካባቢ ነው፣ ጤነኛ ነው» ትላላችሁ። አይደለም። እጀታውን ስትነኩ ይቆርጣል።

ስለዚህ ብሉቱዝ ያለው ቢኤምኤስ፣ ጄኬ፣ ዳሊ፣ አንት የሚባሉት ዓይነት፣ የሚያወጣው ገንዘብ አይቆጨኝም። እያንዳንዱን ረድፍ ያሳያል። ባትሪው ቆሞ በትልቁና በትንሹ መካከል 0.02 ወይም 0.03 ልዩነት ካለ ደስ ይበላችሁ። ከ0.1 ካለፈ መከታተል ጀምሩ። ልዩነቱ ከሞላ በኋላም ካልጠበበ፣ ወይም አንዱ ረድፍ ሳይነዳ እየወረደ ካደረ፣ ያ ሴል ውስጡ ተጎድቷል።

ጨርሶ የሞተውን ማስነሳት የሚባለውን ግን እፈራለሁ። ለወራት ተቀምጦ በሴል ከ2 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ ቢኤምኤሱ አልሞላም ይላል። ያኔ «ቀጥታ ትንሽ ቢሰጠው ይነቃል» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ይነቃል። ነገር ግን በዚያ ዝቅተኛ ቮልት ውስጥ ያለው መዳብ ሟሙቶ በኋላ በተሳሳተ ቦታ ይጋገራል፤ ውስጥ ለውስጥ ሾርት የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ቢኤምኤሱ አልሞላም ያለው አውቆ ነው።

ላለመድረስ አቀማመጡን ማወቅ ነው። ሊቲየም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ግማሽ ሆኖ ነው፤ ለ20ኤስ ከ74 እስከ 77 ቮልት። ሊድ አሲድ በተቃራኒው ሙሉ ሆኖ። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ዋናውን መሰኪያ ንቀሉት፤ ጂፒኤሱና ኮንትሮለሩ ቁልፍ ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ይጠጣሉ። በየወሩ ለኩት።

ክረምትና ኮሮኮንች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ውኃ መሰኪያውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ንዝረት ሴሎቹን የሚያያይዘውን ስስ ብረት ይሰነጥቃል፤ ሽቦውንም ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ያፋጨዋል። በየሦስት ወሩ ሳጥኑን ከፍቶ ማየት፣ መሰኪያዎቹን ከተነዳ በኋላ መዳሰስ ይበቃል። አንዱ መሰኪያ ከሌላው ይበልጥ የሚሞቅ ከሆነ ላልቷል። በግፊት ውኃ ማሳጠብ ደግሞ ይቅር፤ በጨርቅም ይጸዳል።

እሳቱ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ብስክሌትና ስኩተር ዋነኞቹ መነሻዎች ነበሩ። ከተማዋም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የደህንነት ፈተና ያላለፈ ባትሪ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ብዙ ጊዜ ገዳዩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፦ መውጫው በር ላይ። ባትሪው ሲነድ መውጫው ይዘጋል።

እናም በሩ አጠገብ፣ ደረጃ ሥር ወይም አልጋ አጠገብ አትሙሉ። ባትሪው ካበጠ፣ ሳይነዳ ከሞቀ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ካመጣ፣ ወይም ካፏጨ፣ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ የምትወጡት እናንተ ናችሁ። ጭሱ መርዝ ነው። የዱቄቱ ማጥፊያ ነበልባሉን ቢያወርደውም ውስጡ ስለሚነድ መልሶ ይቀጣጠላል። የሚያበርደው ብዙ ውኃ ነው፤ እሱንም ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ተዉት።

ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ከሆነ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ቆሞ ያለውን ቮልት ጻፉ። ከዚያ ሰው አሳፍራችሁ እጀታውን እስከ ጥግ ጠምዝዙና ማሳያው ላይ ቮልቱ እስከ ስንት እንደሚወርድ እዩ። ባለ 72ቱ 4 ወይም 5 ከወረደ ጥሩ ነው። 10 ከወረደ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። ሻጩ «ሜዳው ላይ ሞክሩት፣ ምን አደከማችሁ» ካለ፣ ዳገት ፈልጉ።